ይድረስ ለክቡር አቶ “አልቋል”

ባሉበት

ጉዳዩ፦ የእሑዱን ቁምሳ ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔማ ምን እሆናለሁ፤ የሄድኩበት ሁሉ ቀድመውኝ ደርሰው ይጠብቁኛል። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቄ ደብረ ብርሃን ስገባ እዚያው ጥዬዎት የመጣሁ መስሎኝ ነበር። ይኸው ስድስት ዓመቴ። አሁን ሰው አገርህ የት ነው ሲለኝ “ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ሰፈር” እላለሁ። ለካ እርስዎም መታወቂያ አውጥተው ነዋሪ ሆነዋል!

እንደሚያውቁት ሰፈራችን አዲስ ቤት ተከፍቷል። ባነሩ “ብራንች” ይላል። ቁምሳ ማለቱ ነው። አስቀድሶ፣ ሳይቀምስ ቆይቶ 4 ሰዓት ላይ ለሚበላ ሰው ቁምሳ አዲስ ነገር አይደለም፤ ግን ይሁን። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ብርሃን ወረደ ብለው ከተማ ቆረቆሩ፤ እነዚህ ደግሞ ባለቀለም አምፖል ግድግዳ ላይ አጣመው ቁምሳ ቤት ቆረቆሩ።

እኔ ሞኙ አከራዬን ጋበዝኩ። እማማ ስድስት ዓመት ሙሉ በዓል በመጣ ቁጥር ሲያበሉኝ ኖረዋል። “ዛሬ በእኔ ነው” ብዬ ከቅዳሴ ሲወጡ በር ላይ ተቀበልኳቸው። ባነሩ ጋ ስንደርስ ቆም አሉ። “ከ9 እስከ 1 ሰዓት? ታዲያ ይሄማ እራት ነዋ!” በፈረንጅ ሰዓት ነው ብዬ አስረዳሁ። ግራ ቀኝ አይተው “እና ፈረንጁ የታለ?” አሉኝ።

ውስጥ ያለው ወንበር ሁሉ “ሪዘርቭድ” ነው ተብለን በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ በረንዳ! ይቺ ከተማ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ለምን እንደተተከለባት ያን ጊዜ በአጥንቴ ገባኝ። ሜኑ የሚባል ወረቀት የለም፤ ጠረጴዛው ላይ ኪው አር ኮድ ተለጥፏል። ስልኬን ደቅኜ ሁሉንም አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። “ፓንኬክ እንቁላል የገባበት ቂጣ ነው፣ ማር ይፈስበታል” ስላቸው ፊታቸው ፈካ።

አስተናጋጇ መጣች።

ፓንኬክ። “አልቋል።”

እንቁላል በአቮካዶ። “አቮካዶ አልቋል።” እንቁላሉ ብቻውንስ? “ብቻውን አንሠራም።”

ጨጨብሳ። “አልቋል።”

ማኪያቶ። “ወተት አልቋል።”

ወተት! እዚህ! አዲስ አበባ ድረስ ወተት የሚጫንበት አገር ላይ! እኛ ስንነጋገር እኮ አንድ ባጃጅ ቢጫ የወተት ጄሪካኖች ጭኖ በፊታችን አለፈ።

“መቼ ነው ያለቀው?” አልኩ።

“ቅድም ነው። ቅድም ብትመጡ ኖሮ…”

ቤቱ ከተከፈተ አንድ ሰዓቱ ነው። ቅድም ማለት ሌሊት መሆኑ ነው።

ይህን እያሰላሁ ሁለት ሳህን ፓንኬክ አጠገባችን ላሉ ልጆች ሲቀርብ አየሁ። ማሩ በጠርዙ እየወረደ፣ እንፋሎቱ እየወጣ። ልጆቹ ሳይበሉ ፎቶ ያነሱታል። “እሱስ?” ስላት “እሱ የታዘዘ ነው” አለችኝ። የእኛስ ምን ነበር? ጸሎት?

ያለው ሻይ ብቻ ነበር። እማማ ምንም አላሉም። ከዘንቢላቸው ነጭ ጨርቅ አወጡና ፈቱት፤ ጥቁር አዝሙድ የገባበት ድፎ ዳቦ ነው። ቆርሰው ወደ እኔ ዘረጉ። “ብላ ልጄ፣ በባዶ ሆድህ ሻይ አትጠጣ።”

“ይቅርታ እማማ፣ የውጭ ምግብ አይፈቀድም።”

ዕድሜ ልካቸውን እንግዳ ሲያበሉ የኖሩ እጆች ቁራሹን መልሰው ጠቀለሉት። ቀስ ብለው፣ ፍርፋሪውን እንኳ ከጠረጴዛው ላይ ለቅመው። ጆሮዬ ድረስ ጋለ። ጋባዡ እኔ ነኝ እኮ!

ሒሳብ፦ ሁለት ሻይ 80 ብር። ሰርቪስ ቻርጅ 10 በመቶ፣ ቫት 15 በመቶ። 101 ብር ከ20 ሳንቲም። (የቱ ሰርቪስ እንደሆነ አልጠየቅኩም።) 110 ሰጠሁ። ዝርዝር አልቋል።

ክቡር ሆይ፣ ትውውቃችን የቆየ መሆኑን አልክድም። ሸማቾች ሱቅ ለዘይት ስሰለፍ እኔ መስኮቱ ጋ ስደርስ ብቅ የሚሉት እርስዎ ነዎት። ቀበሌ “ፎርም አልቋል፣ ፎቶ ኮፒ አድርገህ አምጣ” ብለውኝ ከምኑ ነው ኮፒ የማደርገው ስል ዝም ያሉኝም እርስዎ ነዎት። ይህን ሁሉ ስቄ አልፌያለሁ።

መድኃኒት ቤቱ ግን አያስቅም። እማማ የደም ግፊት ክኒን አላቸው፤ ቀን ሳይዘለል የሚዋጥ። የጤና መድህን ደብተራቸውን ይዘው በአንድ ወር ሦስቴ ተመላልሰዋል። ሦስቴም መስኮቱ ላይ እርስዎን አገኙ። “አልቋል፣ ከውጭ ግዙ።”

እዚህ ላይ አንቱታው ይቅር። አንተ! መዋጮው ሲሰበሰብ የት ነበርክ? ያን ቀን ደረሰኝ አልቋል አላልክም። ክኒን ሲሉህ ነው የምትመጣው? ሴትዮዋ ከውጭ የሚገዙበት ስለሌላቸው አይደል ደብተር ያወጡት? ክኒኑን በቢላ ለሁለት ከፍለው አንድ ቀን ግማሹን፣ በማግስቱ ግማሹን ሲውጡ አይቻለሁ። የውጭ ዳቦ ክልክል፣ የውጭ ክኒን ግዴታ። ምን ዓይነት አገር ነው ይሄ!

ይቅርታ፣ ተቆጣሁ። ወደ ጉዳያችን ልመለስና፣ 8 ብር ከ80 ሳንቲም መልሴ እርስዎ ዘንድ አለ።

ከሰላምታ ጋር
የበረንዳው ደንበኛ

ግልባጭ፦
ለወንድምዎ ለአቶ “ሲስተም የለም”
ለእህትዎ ለወይዘሮ “ነገ ተመለሱ”
ለእማማ (ዳቦው ቤት ገብተን ተበልቷል፤ ከማር ጋር)