የእንቁላል ቅርፊት ለማዕድን ውሃ?

ደቡብ ወሎ ውስጥ የድንጋይ ከሰል ነገር በተነሳ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይከተላል። ከማዕድን ጉድጓዱ የሚወጣውን የተበከለ ውሃ በተፈጥሮና በተረፈ ነገር ማጣራት ያዋጣል? የደሴ ኬሚስትሪ መምህርት ያዋጣል ትላለች። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ፍሳሽ ማጣሪያ ላይ የሚሠራ ቴክኒሻን አይዋጥለትም።

መምህርቷ፦ ከሰል ውስጥ ብዙ ጊዜ ፓይራይት አለ፤ ወርቅ የሚመስል የብረትና የድኝ ማዕድን። ተቆፍሮ አየርና ውሃ ሲያገኘው ሰልፈሪክ አሲድ ይወጣዋል። አሲዱ ከአለቱ ብረትና ማንጋኒዝ እያሟሟ ይወርዳል። ጅረቱ ብርቱካናማ የሚሆነው ለዚህ ነው። መላው ግን እጃችን ላይ ነው። የኖራ ድንጋይ የአሲዱን ጉልበት ይሰብራል። ኩሬ ሥር ፍግና ጭድ ቢደለደል፣ ያለ አየር የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከአሲዱ የመጣውን ሰልፌት ወደ ሰልፋይድ ይለውጡታል። ሰልፋይዱ ብረቱን ይዞ ጥቁር ዝቃጭ ሆኖ ይቀራል። መብራት የለ፣ ፓምፕ የለ። የእንቁላል ቅርፊትም አብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ የፒያሳ ካፌዎች በየቀኑ ይጥሉታል።

ቴክኒሻኑ፦ መምህር፣ ኬሚስትሪውን አልከራከርዎትም። ሒሳቡን እንይ። አንድ ቅርፊት 5 ወይም 6 ግራም ነው። አንድ ቶን እንዲሞላ ወደ 180 ሺህ እንቁላል መሰበር አለበት። የጾሙን ወራት ደግሞ ይቀንሱ! ፍግና ጭዱንስ ተረፈ ነገር ያለው ማነው? እኛ ዘንድ ጭድ የከብት ቀለብ፣ ኩበት ማገዶ ነው። የኖራ ድንጋይዎም ብረት የበዛበት ውሃ ሲፈስበት ዝገት ይለብሳል። ከዚያ ወዲያ አሲዱ አይደርስበትም።

መምህርቷ፦ እንቁላሉን ተረታሁ፤ ለክፍል ሙከራ ይሁን። ዝገቱ ግን መላ አለው። ውሃው አየር ሳያገኝ በተቀበረ የኖራ ድንጋይ ቦይ ቢያልፍ ብረቱ አይዝግም።

ቴክኒሻኑ፦ አሉሚኒየም ከሌለበት! ካለ ያለ አየርም ረግቶ ቦዩን ይደፍነዋል። እንግሊዝ ኮርንዎል ውስጥ ዊል ጄን የሚባል የቲን ማዕድን በፈረንጆቹ 1991 ተዘጋ። ፓምፑ ቆመ፤ በ1992 መጀመሪያ ውሃው ገንፍሎ ወንዙን አቀለመው። እርስዎ የሚሉትን ዓይነት ኩሬ፣ ሸምበቆ ጨምረው ሞክረውት ነበር። በኋላ የተከሉት ግን በኖራ የሚሠራ ማጣሪያ ጣቢያ ነው።

መምህርቷ፦ እሱ ጎርፍ ነው፤ እኔ የማወራው ስለ ትንሽ ምንጭ ነው። ጣቢያውንስ ማን ይከፍልበታል? ማዕድኑ ሲዘጋ ባለቤቱ ይሄዳል። ኖራ በየጊዜው ማመላለስ፣ ዘበኛ፣ መብራት... እስቲ ንገሩኝ፣ ኮምቦልቻ መብራት ሲጠፋ ማጣሪያችሁ ምን ይሆናል?

ቴክኒሻኑ፦ እሱንማ አይጠይቁኝ። የኔ ፍርሃት ዝቃጩ ነው። ፍግዎ ብረቱን ያዘ እንበል። ከዓመታት በኋላ ኩሬው ሲሞላ ማን ይዝቀዋል? ገበሬው ጥሩ ጥቁር አፈር መስሎት ማሳው ላይ ቢበትነውስ?

መምህርቷ፦ እዚህ ላይ ያዙኝ። ቢሆንም አንድ ትንሽ ምንጭ ይስጡኝ። ፒኤቹን፣ ማለትም ውሃው ምን ያህል አሲድ እንደሆነ፣ በየሳምንቱ ከተማሪዎቼ ጋር እለካለሁ።

ቴክኒሻኑ፦ መጀመሪያ ዝቃጩ የሚቀበርበትን ቦታ ያሳዩኝ። መለኪያውን እኔ አመጣለሁ።