ጋቢና የሚመርጥ ደመ ነፍስ

ትናንት መገናኛ፣ የአራት ኪሎ ታክሲ ሰልፍ ላይ አርባ ደቂቃ ቆምኩ። ከኋላዬ ኮት የለበሱ፣ ፀጉራቸው ሸበት ያለ ሰውዬ ነበሩ። ጋሼ እያልኩ ሳዋራቸው ቆየሁ፤ ጨዋታ ያውቃሉ። ስለ ሥነ ሥርዓት፣ ስለ ዘንድሮ ወጣት፣ ስለያዙት ሁዳዴ አወሩልኝ። «ልጄ፣ ሰው ከእንስሳ የሚለየው እኮ በማሰቡ ነው» አሉኝ። ራሴን ነቀነቅሁ።

ከዚያ ዝናቡ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ታክሲው ደግሞ ሰልፉ ራስ ላይ መቆም ሲገባው መጥቶ ጭራው ጋ ቆመ። አለቀ። ተራ አስከባሪው ቢጮህ ማን ሰምቶት! ጋሼ ጎኔን በክርናቸው ብለውኝ አለፉ። እስኪገፈትሩኝ ድረስ አንቱ ነበሩ፤ ከዚህ በኋላ አንተ ሆኗል። እኔም እንደ ምንም ተጋፍቼ የመጨረሻው ወንበር ላይ፣ ለሦስት ሰው በተሠራው ላይ አራተኛ ሆኜ ገባሁ። ሰውዬው ዞር ብሎ አየኝና ፈገግ አለ።

«ይቅርታ ልጄ፣ በደመ ነፍስ ነው።»

ከየት ሆኖ? ከጋቢና!

እስቲ ፍረዱኝ። ደመ ነፍስ ጋቢና ይመርጣል?

እኔ ደመ ነፍስን አውቀዋለሁ። በ2017 ዓ.ም ታኅሣሥ በአዋሽ ፈንታሌ በኩል መሬቱ እየተንቀጠቀጠ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ይሰማን የነበረ ጊዜ፣ አንድ ሌሊት ከኮንዶሚኒየማችን አራተኛ ፎቅ በባዶ እግሬ ወርጄ እጄን ሳየው ባዶ ቢጫ ጀሪካን ይዣለሁ። ለምን? እኔ ምን አውቄ! እሱ ነው ደመ ነፍስ። ደደብ ነው፣ ግን ተንኮል የለበትም። ደረጃው ላይ በትከሻው ገጭቶኝ ያለፈው ጎረቤቴስ? ታች ስንገናኝ ጃኬት ለብሷል፣ የመኪና ቁልፍ ይዟል፣ የቤቱን ካርታ በፌስታል ጠቅልሏል። ሚስቱ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ልጅ አቅፋ ወረደች። «በደመ ነፍስ እኮ ነው የወጣሁት!» ይላል። ያ ካርታ እኮ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ነው የሚኖረው! ይባስ ብሎ በሳምንቱ የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «መረጋጋት ያስፈልጋል፤ ቅድሚያ ለሴቶችና ለሕፃናት» ብሎ አስተማረን። ሁሉም አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም። እስከ ዛሬም ከሰላምታ በላይ አላናግረውም።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የምትለዋን ተረት የምወዳት ለዚህ ነው። ሰው ሁሉ በውሻው ይስቃል። እኔ ግን ሳስበው ውሻው ትንሽ ሊቅ ቢጤ ነው። ጅቡ እያለ ዝም ያለው በደመ ነፍስ ነው፣ ነፍስ ይጣፍጣላ። ከሄደ በኋላ የጮኸው ግን በማሰብ ነው፦ ጌታው ነቅቶ «ምን ስትሠራ ነበር?» ማለቱ አይቀርማ። ጩኸቷ ለጅቡ አይደለችም፣ ለጌታው የምትቀርብ ሪፖርት ናት።

ገላችንም ቢሆን እንዲሁ ነው የተሠራው። እጃችሁ የጋለ ምጣድ ሲነካ ወዲያው የምትሸሸው አንጎል አዟት አይደለም። ትእዛዙ ከሕብለ ሰረሰር ነው የሚመጣው፤ አንጎል ወሬውን የሚሰማው ኋላ ነው። «ዋይ እጄን!» ስንል እጃችን ተነሥታለች። ጅቡ ሄዷል ማለት ነው።

ደግሞ ቋንቋችንን እዩልኝ። ስናዝን ሆዳችን ይባባል፣ ስንከፋ ሆድ ይብሰናል፣ ስንራራ አንጀታችን ይበላል። ማሰቡን ደግሞ ለልብ ሰጥተነዋል፦ ልብ በል እንላለን፣ አድጎ የሰከነ ልጅ ልብ ገዛ ይባላል፣ የማያስተውል ልበ ቢስ ነው። ለጭንቅላት ምን ተረፈው? ራስ ምታትና ሻሽ። ልብና ሆድ ደግሞ ጎረቤታሞች ናቸው፤ በግድግዳ ይሰማማሉ። ምናልባት ሐሳባችን ሁሉ ሆዳችን የነገረን ወሬ የሚሆነው ለዚህ ይሆን? (ይቺን ሰውዬው ከመግፈተሩ በፊት ብነግረው ደስ ይለው ነበር። አሁን አልነግረውም።)

ሲግናል ላይ መንገዱ ተዘጋጋ። እኔ ማጅራቱን እያየሁ ነው። ትዝ ሲለኝ ደግሞ ባሰብኝ። ይህ ሰው ሁዳዴን ይጾማል! 55 ቀን ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ እንቁላል የለ፤ እሱ እንዳለኝ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አይቀምስ። ረሃብን የሚያህል ደመ ነፍስ ከየት ይመጣል? እሱን 55 ቀን አስሮ የሚያኖር ሰው ታክሲ በር ላይ አምስት ደቂቃ መታገሥ አቃተው? በጾም ክትፎ በልቶ «ይቅርታ፣ በደመ ነፍስ ነው» ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ልቦናው አለ ማለት ነው። መቼ እንደሚያሰማራው ነው የሚመርጠው። ክርኑን ሲያነሣ በደንብ አስቦበታል፤ ያሰበው «ማን ይጠይቀኛል?» ብሎ ነው። ደመ ነፍስ ምስኪን አፍ የለው፣ ቀርቦ አይከራከር፣ እየተነሣን ሁሉን እሱ ላይ እንለጥፋለን።

ቀበና ስንደርስ ንግግሬን አዘጋጅቼ ጨርሻለሁ። ቁም ሳጥኑም፣ ምጣዱም፣ ክትፎውም አሉበት። ሲወርድ ጠብቄ ሰው ሁሉ እየሰማ ልነግረው ነው። ረዳቱ «ሂሳብ!» አለ። ብር አውጥቼ ዘረጋሁለት።

«ያንተ ተከፍሏል።»

«በማን?»

በአገጩ ወደ ጋቢና አሳየኝ። ማጅራቱ ዞር እንኳ አላለም።

«እንዴ ጋሼ፣ ምነው ተቸገሩ! እግዜር ይስጥልኝ!» ስል ራሴን ሰማሁት። በአንቱ! ታክሲው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጌ።

ንግግሬ ትዝ ያለኝ አራት ኪሎ ወርደው አስፋልቱን ከተሻገሩ በኋላ ነው።