ኮቱ አለ፣ ሰውዬው የለም

ጉዳይ ይዘው ቢሮ ሲገቡ ኮቱ ወንበሩ ጀርባ ላይ ተሰቅሏል፤ ሰውዬው የለም። «አለ እኮ! ኮቱን አያዩትም?» ይልዎታል ጎረቤቱ ከወረቀቱ ቀና ሳይል። ሰውዬው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኮቱን ሰቅሎ ወጥቷል፤ ይሄኔ ቤት የሚያሠራበት ቦታ ቆሞ አሸዋ እያስራገፈ ይሆናል። ባለጉዳዩ ግን ኮቱን እያየ ይጠብቃል።

ኮምፒውተርም ኮት ይሰቅላል ብል እንዳይስቁብኝ። ሉሲን የሚባል የፍለጋ ሶፍትዌር አለ፤ ዳግ ከቲንግ እ.ኤ.አ. በ1999 የጀመረው፣ ሶለርና ኢላስቲክሰርች የሚባሉት የፍለጋ ሰርቨሮችም የተሠሩበት። ኢንዴክሱን፣ ማለትም ለፍለጋ የሚያዘጋጀውን ማውጫ፣ ለማንበብ ለመጣ ሁሉ በሩ ክፍት ነው፤ ሺህ ሰው ባንዴ ቢፈልግ ግድ የለውም። መጻፍ ግን ለአንድ ጸሐፊ ብቻ ነው፤ ጸሐፊ የምለው ኢንዴክሱ ላይ የሚጽፈውን የፕሮግራም ክፍል ነው። ሁለት ከገቡ ሁለቱም በተመሳሳይ ስም ፋይል እየከፈቱ አንዱ የጻፈውን ሌላው ይደመስሰዋል። ስለዚህ ቀድሞ የደረሰው ፎልደሩ ውስጥ «ራይት ዶት ሎክ» የምትባል ፋይል (ሎክ ማለት ቁልፍ ነው) አስቀምጦ ሥራውን ይጀምራል። ዜሮ ባይት፣ ባዶ። ኮቱ ይቺው ናት።

አንደኛው የአቆላለፍ ዘዴ «ሲምፕል» ይባላል፤ የሚያየው ፋይሏ መኖር አለመኖሯን ብቻ ነው። መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ ድርግም ካለ ጸሐፊው ሞቷል፣ ፋይሏ ግን አለች። መብራት ሲመጣ አዲሱ ጸሐፊ ይነሳል፣ ያያታል፣ «ሰው አለ» ብሎ ኤረር ጽፎ ይመለሳል። ሁለተኛው «ኔቲቭ» ዘበኛውን ጠይቆ ነው የሚገባው፤ ዘበኛው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ነው። ፕሮሰሱ፣ ማለትም እየሠራ ያለው ፕሮግራም፣ ሲሞት ቁልፉ አብሮት ይለቀቃል፤ ፋይሏ እዚያው ብትቀርም ማንንም አትከለክልም። ኢንዴክሱን በኔትወርክ በተጋራ ዲስክ ላይ ካስቀመጡት ግን ዘበኛውም ብዙ አይታመንም።

እስከዚህ ድረስ የማሽን ነገር ነው። የሚያስቀው ሰው ሲገባበት ነው።

«ሎክ አለበት ይላል።»
«አጥፋዋ!»
«ማን እንደያዘው ግን...»
«አጥፋዋ አልኩህ፣ ደንበኛ እየጠበቀ ነው!»

በቃ፣ ውይይቱ ይኸው ነው። ማን ያዘው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ኤረሩ ግን ለሚያነብ ሰው ቁልጭ አድርጎ ይናገራል። አንዳንዴ «ሌላ ፕሮግራም ይዞታል» ይላል። አንዳንዴ ደግሞ «ይኸው ቨርቹዋል ማሽን ይዞታል» ይላል፤ የሚያሳፍረው ይሄኛው ነው። ፕሮግራሙ ራሱ ጸሐፊ ከፍቶ ሳይዘጋ ረስቶ፣ ተመልሶ በራሱ ላይ ስሞታ ያቀርባል ማለት ነው። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ለምሳሌ የኦንላይን ሱቅ ከሆነ፣ የአንድ ጫማ ዋጋ በተቀየረ ቁጥር አዲስ ጸሐፊ እየከፈቱ መዝጋት፣ መሀል ላይ ኤረር ሲመጣ ደግሞ ሳይዘጉ መቅረት። አንድ ጸሐፊ ከፍቶ ሁሉም ትሬድ (በፕሮግራሙ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) እንዲጋራው ማድረግ ይቻላል፤ የተሠራውም ለዚሁ ነው። ነገር ግን በጋራ ዕቃ መጠቀምን ማን ወደደው? ሁሉም የራሱን ይከፍታል፣ ከዚያ በር ላይ ይጋፋል።

«ሌላ ፕሮግራም ይዞታል» ሲል ደግሞ እውነቱን ነው፤ ለምሳሌ ሌሊት ሌሊት ዋጋ የሚያድሰው ሌላው ፕሮግራም ገና ሥራውን አልጨረሰም። ሊኑክስ ላይ ፋይሏን ቢያጠፏት ባለቤቷ ነገሬም አይላት፤ በጠፋችው ፋይል ላይ ቁልፉን እንደያዘ መጻፉን ይቀጥላል። አዲሱ መጥቶ በዚያው ስም ሌላ ፋይል ይፈጥራል፣ እሷን ይቆልፋል፣ እሱም መጻፍ ይጀምራል። ሁለቱም ሕጋዊ ናቸው፤ ሁለቱም ቁልፍ አላቸው። አዳዲሶቹ ሉሲኖች ይህን ጉድ ስለሚያውቁ ፋይሏ የተፈጠረችበት ሰዓት ተቀይሮ ካገኙት ሥራ አቁመው «ፋይሉን የውጭ ኃይል ቀይሮታል» ብለው ይጽፋሉ። ይህን ሳነብ ሉሲን እኛ አገር መግለጫ ሲሰጥ የኖረ መሰለኝ። የውጭ ኃይሉ እኮ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ማኪያቶ እየጠጣ ነው!

ሉሲን ድሮ ቁልፉን በግድ የሚያስለቅቅ ትእዛዝም ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው 5.0 ስሪት ላይ አነሱት፤ ሰው አላግባብ እንዳይጠቀምበት ይመስለኛል። ምን ዋጋ አለው፣ የኛ ሰው ፋይል የሚያጠፋው የሊኑክስ ትእዛዝ «አርኤም» አለው።

አንድ የማውቀው ቡድን ነገሩን በዘላቂነት ፈትቶታል። ፕሮግራሙ ከመነሳቱ በፊት ሎኩን እየፈለገ የሚያጠፋ ስክሪፕት ጽፈው፣ «ችግሩ ተቀርፏል» ብለው ሪፖርት አደረጉ። የጻፈው ልጅ ውጭ አገር ሄደ፤ ስክሪፕቱን የሚነካ ጠፋ። ኢንዴክሱ አልፎ አልፎ ይበላሻል። ሲበላሽ አለቃ «እንደ አዲስ ይገንባ» ይላሉ። ግንባታው ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል። የሌሊቱ የዋጋ ማደሻ ሥራ ደግሞ ሰዓቱን አያሳልፍም፤ ይነሳል፣ ሎክ ያገኛል፣ ስክሪፕቱም ቀድሞት ገብቶ ያጠፋለታል።