ከማን ነው የሚጠብቀኝ?

አሁንስ በዛ! ከቱሉ ዲምቱ ተነስቼ በታክሲ ሰልፍ እንዳልንገላታ «ከቤት ይሥሩ» ተባልኩ። እሰየው። መብራት አለ፣ ኢንተርኔትም (ተአምር ነው!) ይሠራል። ታዲያ ማን ከለከለኝ? ጸረ ቫይረሱ! ትናንት ደኅና ነበር፤ ሌሊት ራሱን አዘመነና የቤቴን ዋይፋይ «የሕዝብ ኔትወርክ» ብሎ ፈረጀው። የቢሮውን ኮምፒውተር ከቤት ሆኜ የማዝበት የርቀት ዴስክቶፕ የሚያልፍበትን በር፣ ፖርት 3389ን፣ ጥርቅም! ሳሎኔ አውቶቡስ ተራ ነው እንዴ? ከቢሮው ኔትወርክ ጋር የሚያገናኘኝ ቪፒኤን «ተገናኝቷል» እያለ ይሳለቅብኛል፤ የደመወዝ መክፈያው ፕሮግራም ግን ወይ ፍንክች። «የግል ነው» ልበለው ስል የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ይጠይቀኛል። እሱ ያለው ማን ጋ ነው? ቢሮ! ደወልኩ። «አጥፍተው ያብሩት።» አጠፋሁ፣ አበራሁ። «እንግዲያው ኮምፒውተሩን ይዘውት ይምጡ።» ከቤት ይሥሩ ያላችሁኝ እናንተ አይደላችሁም? ልጄ ከየትም ለቃቅሞ ያወረደውን ጨዋታ ግን ይኸው ጥበቃ እጅ ነስቶ አሳልፎታል።