ክብር ምስጋና ለገመዳውያን

ባለፈው ሳምንት ለአንድ ዘመዴ ሱቅ ማስታወቂያ የምትሆን የ20 ሰከንድ ዜማ አስፈለገችን። ኪቦርድ የሚጫወት ወዳጅ አለኝ። ድሮ እንዲህ ያለ ሥራ ሲሰጡት ቡናው ሳይበርድ ይጨርሰው ነበር። አሁን ግን በቴሌግራም የላከልኝ የ43 ደቂቃ ፋይል ነው። ከሥሩም «እስከ መጨረሻው ስማው፤ ከ31ኛው ደቂቃ በኋላ ነገር ይለወጣል» ብሎበታል።

ሰማሁት። «እምምምም» ይላል። በ31ኛው ደቂቃ «ኧምምምም» ይላል። ዘመዴ ሱቁን ያለ ዜማ ከፈተ።

እናንተም ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ወዳጅ አላችሁ። ትናንት የሠርግ ኪቦርዲስት፣ ዛሬ የቮልቴጅ ፈላስፋ። «ገመዳዊ» የምለው እሱን ነው፤ ድምፅ በሚሠሩ ሣጥኖች መካከል ገመድ ሲሰካ ይውላል። ምን ያህል እንደሚያናድድ ልንገራችሁ ብል ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ዛሬ የመጣሁት ለማመስገን ነው።

መጀመሪያ መሣሪያውን። እሱስ በእውነት ምስጋና ይገባዋል። አሜሪካዊው ሮበርት ሙግ እ.ኤ.አ. በ1964 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ከአቀናባሪው ኸርበርት ዶይች ጋር ተመካክሮ፣ ሣጥን ከሣጥን እያገጣጠሙ ድምፅ የሚሠሩበት ሞጁላር ሲንተሳይዘር ሠራ። አንዱ ሣጥን ድምፅ ያመነጫል፤ ሌላው (ፊልተሩ) ያጣራዋል፤ ሌላው ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። የሚያገናኛቸው ገመድ ነው። በ1990ዎቹ ደግሞ ጀርመናዊው ዲተር ዶፕፈር ሣጥኖቹን አሳንሶ ዩሮራክ የሚባለውን ልክ አወጣ። የአንዱ ሣጥን ዋጋ ግን ብዙ ጊዜ በመቶ ዶላሮች ይቆጠራል። ስለዚህ ሞጁላር የሀብታም በሽታ ሆኖ ቆየ። በ2017 አንድሩ ቤልት የሚባል ፕሮግራመር ቪሲቪ ራክ የተባለ ሶፍትዌር ለቀቀ። ነጻ ነው፤ ኮዱም ክፍት ነው። ሣጥኑም ገመዱም ስክሪን ላይ ነው፤ በማውዝ ጎትቶ መሰካት ብቻ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሞጁሎች፣ ማለትም ሣጥኖች፣ አሉት፤ ብዙዎቹ በነጻ።

በሽታው ለድሃም ደረሰ።

ገመዳዊ ማለት አንድ ቀን ማታ «እስቲ ልየው» ብሎ ያወረደ፣ ከዚያ ወዲህም አንድ ዘፈን ያልጨረሰ ሙዚቀኛ ነው። በሦስተኛው ቀን የመሰሎቹን የኢንተርኔት ማኅበር ይቀላቀላል። በአራተኛው ቀን እዚያው አስተማሪ ነው። «አልበሙ መቼ ይወጣል?» ስትሉት በአዘኔታ ያያችኋል። አልበም! አልበም ለሚያልቅለት ሰው ነው። እሱ ያለው ፓች ነው፤ በገመድ የተያያዘ የሣጥን ክምር ማለት ነው። ፓች አያልቅም። ከመብራት በቀር የሚያስቆመው የለም፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጎረቤት ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨለማውን ይመርቃል።

ትጋታቸውን ተመልከቱ። ገመዱ እንደ ሰፈራችን የመብራት ምሰሶ የተተበተበበትን ስክሪን ፎቶ አንስተው ይለጥፋሉ። ማኅበሩ ያጨበጭባል። «ግሩም ፓች ነው!» ይባላል። ምን ይላል ብሎ የጠየቀ የለም። ፎቶ ምን ይላል?

«ባዶ» የሚባል ሞጁል ደግሞ አለ። ምንም አይሠራም። በእውነተኛው መደርደሪያ ላይ ክፍተት ለመድፈን፣ አቧራ እንዳይገባ የሚገጠም ክዳን ነው። ስክሪን ውስጥ አቧራ የለም። ገመዳዊ ግን ይገጥመዋል፤ ቀለሙንም ያማርጣል። ገመዱ ምን ያህል እንደሚረግብ የሚወስን ማስተካከያም አለ። ድምፁን አይነካውም፤ ለዓይን ብቻ ነው። «ወጠር ሲል ባሱ ይጠራል» የሚል ግን አይጠፋም።

ከሁሉም በላይ የማደንቀው ክራር የሠራውን ሰው ነው። ስሙን አልጠራም፤ ብዙ ናቸውና። ሰውዬው የክራርን ድምፅ በሶፍትዌር ካልሠራሁ ብሎ ተነሣ። መንገዱ የታወቀ ነው። ካርፕለስና ስትሮንግ የተባሉ ሁለት ሰዎች በ1983 ያሳተሙት ዘዴ አለ። አጭር የ«ሽሽሽ» ድምፅ ተወስዶ በጣም አጭር ዲሌይ (ድምፅን አዘግይቶ የሚመልስ ሣጥን) ውስጥ ደጋግሞ ይዞራል። በየዙሩ ትንሽ ትንሽ እየለዘበ ይሄድና የተመታ ክር ይመስላል። ጥቂት ሞጁሎች ይበቁታል። ሰውዬውም በአንድ ማታ ሠራው። አማረለት። እዚያ ላይ ማቆም ይችል ነበር።

አላቆመም። «በጣም ንጹሕ ሆነ» አለ። የሰው እጅ ይሳሳታል ብሎ ስህተት የሚያመነጭ ሞጁል ጨመረ። ስህተቱ በዛ። ስህተቱን የሚቆጣጠር ጨመረ። አሁን ደግሞ ስህተቱ ልክ ሆነ። «ልክ የሆነ ስህተት ምኑ ስህተት ነው» ብሎ ተቆጣጣሪውን የሚያሳስት ጨመረ። ከዚያ ቆዳው ትዝ አለው። ክራር ቆዳ አለው፤ ቆዳ ደግሞ በክረምት ይረግባል። ስለዚህ አንዱን ዙር ለመጨረስ 12 ወር የሚፈጅ ኤልኤፍኦ፣ ማለትም ቀስ ብሎ ከፍና ዝቅ የሚል ሞገድ የሚያወጣ ሣጥን፣ ሰካ። ኮምፒውተሩ እስከ ሐምሌ ካልጠፋ ክራሩ ይረግባል ማለት ነው። ቀጥሎ አድማጭ አስፈለገ። ክራር ያለ አድማጭ አይሞቅምና የጠጅ ቤት ጫጫታ አስገባ። በየመሃሉ «ድገመው!» የሚል ሰካራም አስገባ። ሰካራሙ ሲጮህ ክራሩ እንዲደነግጥ ከሰካራሙ ወደ ክራሩ ገመድ ሳበ። ክራሩ ሲሳሳት ሰካራሙ እንዲቆጣ ከክራሩ ወደ ሰካራሙ ሌላ ገመድ ሳበ። ሁለቱ ተጣሉ። ሌሊቱን ሙሉ ሲሰዳደቡ አደሩ። ሰውዬው ይህን ቀርጾ «ራሱን በራሱ የሚያስተዳድር ሥርዓት» ብሎ ለጠፈው። የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ከክራሩ በላይ ይጮሃል። ብዙም ሳይቆይ የመጀመሪያው አስተያየት መጣ፤ «ጊታሩ ደስ ይላል።»

ቪዲዮው ላይ ከሰውዬው ጀርባ ግድግዳው ላይ ክራር ተሰቅሏል። የእውነት ክራር። ከክሮቹ ሁለቱ ተበጥሰዋል። ለጌጥ ነው።

ለጊዜ ያላቸውን ጥንቃቄም ሳላነሳ አላልፍም። ቪሲቪ ራክ ውስጥ እያንዳንዱ ገመድ ድምፁን በአንድ ሳምፕል (ኮምፒውተር ድምፅን በሚቆራርጥባት ቅንጣት) ያዘገየዋል። በተለመደው አሠራር የሰከንድ 1/44,100ኛ ማለት ነው። የእኔና የእናንተ ጆሮ አይሰማውም። ገመዳዊ ይሰማዋል። ጎህ እስኪቀድ ይከራከርበታል። በማግስቱ የ8 ሰዓት ልምምድ ላይ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ይደርሳል። «መንገድ ተዘግቶ» ይላል።

ቅኝቶቻችንንም አልረሱም፤ ይባረኩ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ድምፅ ናቸው። ገመዳዊ ዕጣ የሚያወጣ ሞጁል ይሰካል። የወጣውን ዕጣ ወደ አምስቱ ድምፅ የሚጎትት ኳንታይዘር ይከተላል። ከዚያ ተነሥቶ ምሳውን ይበላል። ሲመለስ ትዝታ ተጫውቷል። ማን ማንን አስታውሶ እንደተጫወተ አይጠየቅም።

ከእነሱ ጋር ሳስተያየው ኃይሉ መርጊያ ያሳዝነኛል። የዋልያስ ባንዱ ኪቦርዲስት በ1985 አሜሪካ ውስጥ አኮርዲዮን፣ ጥቂት ኪቦርዶችና የሪትም ማሽን ይዞ ብቻውን ስቱዲዮ ገባ። አልበም ጨርሶ ወጣ። ጨርሶ! በኋላም ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ፣ ደንበኛ እስኪመጣ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ምስኪን፣ ገመዱ ምን ያህል ይርገብ ብሎ የሚያማክረው እንኳ አልነበረም። አልበሙ በ2013 እንደገና ታትሞ ከአገር ውጭ ያለው ሰው ሁሉ ሰማው። ፓቹን ግን ማንም አላየለትም።

አሁን ሽሙጡን ለአፍታ ላስቀምጠው። ከነዚህ ቡድኖች በአንዱ አንድ ልጅ ገባ። ከክፍለ ሀገር ነው። አሮጌ ላፕቶፕ አለው፤ ክራር ይጫወታል። «የክራሬ ቅኝት የኪቦርዱ 12ቱ ድምፅ ላይ አልገጥም አለኝ፤ እዚህ እንዴት ላምጣው?» ብሎ ጠየቀ። እዚያ ቡድን ውስጥ ካየኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ ምርጡ ነው። መልሱም አጭር ነው። እዚህ የድምፅ ቁመት የሚለካው በቮልት ነው፤ ለአንድ ኦክታቭ (ከአንድ ድምፅ እስከ ቀጣዩ ተመሳሳዩ) 1 ቮልት ነው፤ ያንን 1 ቮልት ደግሞ ለ12 እኩል ክፈል ብሎ የሚያስገድድህ የለም፣ ጆሮህ እንዳለህ ክፈለው። ይህን ያለው ግን አልነበረም። አንዱ «መጀመሪያ መሠረቱን ተማር» አለው። ሌላው «በዚህ ላፕቶፕ?» ብሎ የሳቅ ምልክት ደረደረ። ሦስተኛው የራሱን ፓች ፎቶ ለጠፈ። ልጁ ወጣ። አልተመለሰም።

ይሄ ነውር ነው። ሠሪው በነጻ የሰጣችሁን ነገር በር ላይ ቆማችሁ የምትከለክሉት በማን ፈቃድ ነው? እናንተስ ማን ከልክሏችሁ ገባችሁ? ያ ልጅ ሁላችሁም የሌላችሁን አንድ ነገር ይዞ ነበር የመጣው። የሚጫወተው ነገር ነበረው።

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ገመዳዊ ወዳጅ ላላችሁ አንድ ምክር አለኝ፤ በብዙ ስቃይ የተገኘ ነው። ፋይል ሲልክላችሁ ዝም አትበሉት፤ ይቀየማል። «አልገባኝም» አትበሉት፤ ያስረዳችኋል። «ቆንጆ ነው» አትበሉት፤ ሌላ ይልካል። «ፊልተሩ ተመችቶኛል» በሉት። ፊልተር አይጠፋውም። «የትኛው?» ብሎ ካፋጠጣችሁ «ሁለተኛው» በሉ።