ካርቶኑ ላይ የተጻፈው

እናቴ ልትጠይቀኝ ሜሪላንድ የመጣች ጊዜ፣ አንድ ቅዳሜ ዕንቁላል ልንገዛ አብረን ወጣን። ካርቶኖቹን እያገላበጠች «ይሄ ምን ይላል?» ትለኛለች።

«ኬጅ ፍሪ» አልኳት። ዶሮዎቹ ሽቦ ውስጥ አልታጎሩም ማለት ነው።

«ሜዳ ወጥተው ይጭራሉ?»

የግድ አይደለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ አዳራሽ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። «ፍሪ ሬንጅ» ከሆነ ወደ ውጭ መውጫ አላቸው። «ናቹራል» የሚለው ስለ ዶሮዋ አኗኗር ምንም አይናገርም። እማዬ ሰማችኝና «የኛዎቹ በሩን ስከፍትላቸው ነው የሚወጡት፤ ማታ ራሳቸው ይገባሉ» አለች።

ብዙዎቻችን ይህን ይዘን «አገር ቤት ሁሉም ነገር ኦርጋኒክ ነው» እንላለን። እኔም እል ነበር። አሁን ትቼዋለሁ፤ ሰው ይጎዳልና።

እዚህ አሜሪካ ኦርጋኒክ ማለት ሕግ ነው። ደንቡ በሥራ ላይ ከዋለበት ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማሳው ቢያንስ 3 ዓመት የተከለከለ ኬሚካል ያልነካው መሆን አለበት። ተቆጣጣሪ በየዓመቱ መጥቶ ማሳውንም መዝገቡንም ያያል። ዶሮዋ የምትበላው መኖ ሳይቀር ኦርጋኒክ መሆን አለበት።

አገር ቤትስ? አዲስ አበባ ውስጥ አቃቂ ወንዝ ዳር የሚለማው ጎመንና ሰላጣ የሚጠጣው የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ የተቀላቀለበትን ውሃ ነው። ያንን ጎመን ለልጆቿ የምትገዛ እናት «የኛ ምግብ ንጹሕ ነው» ስንላት ምን ትጠይቅ? ማንንስ ትጠይቅ?

በሌላ በኩል ከፋ ወይም ጅማ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ቡናውን ያለ አንዳች ኬሚካል የሚያለማ ገበሬ አለ። ሥራው ከማንም አያንስም። ግን ቡናው ኦርጋኒክ ነው የሚለው የምስክር ወረቀት ወጪ ለአንድ ሰው አቅም ከባድ ነው። በገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ተደራጅተው ወረቀቱን ያገኙት ከዋጋው ይጠቀማሉ፤ ሌላው ቡናውን እንደ ማንኛውም ቡና ይሸጣል። እኛም እዚህ ቡና ስንገዛ ከማን እንደተገዛ ብንጠይቅ አንድ ነገር ነው።

የዚያን ቀን ከሰዓት ቡና ተፈላ። ሦስተኛው ሲያበቃ እማዬ የጀበናውን አተላና የዕንቁላሉን ቅርፊት ይዛ በረንዳ ወጣች። ቅርፊቱን በእጇ አድቅቃ ከአተላው ጋር በጤና አዳሜ ሥር ቀበረችው። «ምን ልታደርጊ ነው?» አልኳት፣ እዚህ «ኦርጋኒክ ማዳበሪያ» የሚል ስም ያለው ነገር መሆኑን ልነግራት።

«ላጠግበው» አለችኝ፣ አፈሩን እየደለደለች።