ቤት ለእንግዳ፣ ቅንጬ!

ወሎ እንግዳ ተቀባይ ነው ሲባል ሰምቶ ያላመነ ካለ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ኮምቦልቻ ይምጣ። ከደሴ ተነስታችሁ የሐረጎን ተራራ ቁልቁል ጨርሳችሁ ከተማው ስትገቡ አስፋልቱ ግራና ቀኝ ነጭ በነጭ ሆኖ ይቀበላችኋል። የዘራው ሰው የለም። ቅንጬ የምንለው አረም ነው። የመዝገብ ስሙ ፓርቲኒየም፣ የትውልድ አገሩ ወደ ሜክሲኮ ገደማ፣ መኖሪያው እኛ ዘንድ።

ከእርዳታ እህል ጋር ገባ የሚል አለ። በጦር መኪና ጎማ ተሸጉጦ መጣ የሚልም አለ። እኛ የመጣበትን አልጠየቅንም፤ እንግዳ ከየት መጣህ ይባላል እንዴ? ይባስ ብለን አበባው የተከካ እህል ቢመስለን በቁርሳችን ስም ጠራነው። ሐረርጌዎች «ፈረምሲሳ» ይሉታል አሉ፤ መሬትህን አስፈርሞ ያስለቅቅሃል ለማለት። ክፉ ስም ነው። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም።

ከሁሉ የማደንቀው ግን ትዕግሥታችንን ነው። ሐምሌ ላይ ገና ቅጠል ሲሆን፣ መሬቱ በዝናብ ረጥቦ በሁለት ጣት ከነሥሩ ሲነቀል፣ ማንም አይነካውም። «ገና ለጋ ነው» ብለን እናዝንለታለን። አድጎ፣ አብቦ፣ ፍሬ እስኪቋጥር እንጠብቃለን። አንዱ ተክል 15 ሺህ ምናልባትም 25 ሺህ ፍሬ ሲሸከም ያኔ ዘመቻ ይታወጃል።

ባለፈው ዓመት እኔም ኮምቦልቻ ወርጄ ዘመትኩ። ቅዳሜ ጠዋት ቲሸርት ታደለ፣ ባነር ተዘረጋ፣ ንግግር ተደረገ። ጓንት ግን አልነበረም። እኔ ከቤቴ ጓንትና ማስክ ይዤ ስለነበር አንዱ «ኮሮና ተመለሰ እንዴ?» ብሎ ሰልፉን አሳቀበት። በባዶ እጅ መንቀል ቆራጥነት ነው፤ እኔ ፈሪ ነኝ። ፎቶ አንሺው «ከፍ አርጉት፣ ይታይ!» ሲል የተነቀለውን ሁሉ ወደ ላይ ይዘን ነቀነቅን። ፍሬው በየጫማችን ላይ ዘነበ። ከዚያ ቦዩ ዳር ከመርነውና በየፊናችን ተበተንን። ማታ የዘነበው ዝናብ ክምሩን ጠርጎ ቦርከና ወንዝ አስገባው። ከወንዙ ታች ላለው ለጨፋ ሜዳም ድርሻው ደረሰ ማለት ነው። የኛን በረከት ለብቻችን አንበላም።

ወደ ደሴ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ማስነጠስ ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሰባት። ግማሹ «ይማርህ»፣ ግማሹ «የርሐሙከላህ»፤ ወሎ እኮ ነው፣ ከሁለቱም ወገን ተመረቅኩ። አንዲት እናት «ብርድ ገባብህ ልጄ፣ መስኮቱን ዝጋው» አሉኝ። ዘጋሁት። የአበባው ብናኝ ከውጭ እንዳይገባ ቢሆን ትልቅ ጥበብ ነበር። ችግሩ ብናኙ ያለው ቲሸርቴ ላይ ነው። መስኮቱ ተዘግቶ እኔና ቲሸርቴ ሐረጎን እየተጠማዘዝን ወጣን። ከኋላ ያሉትም ማስነጠስ ጀመሩ።

በነጋታው ከማስክና ከጓንት የተረፈው አካሌ፣ አንገቴና ክንዴ፣ ቀልቶ ያሳክከኛል። ጎረቤት ተሰበሰበ። «ምች ነው» ተባለ፤ ዳማከሴ ታሸልኝ። «የለም፣ ሳይነስ ነው» ያለም ነበረ፤ ክንድ ላይ ሳይነስ! ሐኪሙ ብቻ «ቅንጬ ነክተሃል?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገሩ አለርጂ ነው፤ ተክሉ ውስጥ ያለው ኬሚካል ቆዳ ያስቆጣል፣ ብናኙ አፍንጫና ሳንባ ይነካል፣ አስም ያለበትን ደግሞ ያስጨንቃል። ሰውነት አንዴ ከጠላው በቀላሉ አይታረቅም። እጅጌ ረጅም ልበስ፣ ስትመለስ ታጠብ፣ ልብስህን ለብቻው እጠብ፣ ሲያብብ ራቀው አለኝ። የት ልራቀው? ደጄ ላይ ነው ያለው። ደጄን ሲጠብቅልኝ ደግሞ በነፃ ነው።

ለከብትም ደግ ነው። የአንዲት ጎረቤቴ ላም ሌላ ሣር አጥታ እሱን በልታ ወተቱ መረረ። ሰፈሩ ተማክሮ «ዓይን ወግቷት ነው» ብሎ ፈረደ። ቅንጬ በነፃ ተሰናበተ፤ የዛን ቀን ያዩዋት ሴትዮ ግን እስካሁን ሰላምታ አያገኙም።

ያሳዘነኝ ነገር ቢኖር ተመራማሪዎች ቅንጬን የሚበላ ጥንዚዛ ከውጭ አስመጥተው አገራችን ውስጥ መልቀቃቸው ነው። እሱም የሜክሲኮ ተወላጅ ነው። የአገሩን ልጅ በአገሩ ልጅ ማስበላት! እኛ መቼም እንዲህ ያለ ጭካኔ የለንም። አንዱ ጥንዚዛ እኛ ሰፈር ቢደርስ «ምንድነው ይሄ ተባይ» ብለን በጫማ እንደምንለው አልጠራጠርም።

ዘንድሮ መስከረም 1 ጠዋት በሬ ተንኳኳ። የሰፈር ሕፃናት ናቸው፣ አዲስ ልብስ ለብሰዋል። ትንሿ እቅፍ አበባ ዘረጋችልኝ። ከላይ ሦስት ዘንግ አደይ አበባ አለ። አደይ ሩቅ ነው፤ ለመልቀም ተራራ መውጣት ይፈልጋል። የቀረው ከደጄ ተቀጥፎ እቅፉን ሞልቶታል፣ ነጭ፣ ለምለም፣ በቄጠማ የታሰረ። «እንኳን አደረስዎ ጋሼ!» አለችኝ። መቶ ብር ሰጠኋትና በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ሳመሰግናት አስነጠሰኝ።

«ይማርዎት» አለችና ወደሚቀጥለው በር ሮጠች።